ነጭ ነጠላ፣ ባለ ቀለም ጥለት

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ትምህርት ቀና ብሎ ሰማይ ማየትን ይጠይቃል። መኪና እየነዳችሁ የምታዳምጡን ግን ዐይናችሁ ከመንገዱ አይነሣ፤ ጆሯችሁ ይበቃናል።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የቡና ጨዋታ ነው። የካቲት ላይ፣ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በሚካሄድበት ሰሞን፣ ከቦሌ ብዙ በማይርቅ ፎቅ ሰገነት ላይ ተቀምጠናል። ቡናውን የሚያፈሉልን እትዬ ረከቦቱን ወደ ጥላው ሳብ አድርገው ሁለተኛውን ሲቀዱ፣ አንዲት ትንሽ ነጭ ጄት እግሯን ዘርግታ በላያችን አለፈች። ጅራቷ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አለ። አጠገቤ ያሉት ጋሼ ሲኒያቸውን እንደያዙ፣ «ይቺ የኛ ናት» አሉ። ከወዲያ በኩል ያለው ወጣት ደግሞ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ይቺማ አሜሪካዊት ናት! ጋልፍስትሪም እኮ ናት» አለ። እትዬ ቀና እንኳን ሳይሉ፣ «የማንም ትሁን የማን፣ የተሳፈረው ባለጸጋ ነው» ብለው ክርክሩን ሊዘጉት ሞከሩ።

ክርክሩ ግን አልተዘጋም። ሊዘጋም አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም ሁለቱ ሰዎች የሚከራከሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ነው። ጋሼ «የማን ናት?» እያሉ ነው። ወጣቱ «የት ተሠራች?» እያለ ነው። ማንም ያላነሣው ሦስተኛ ጥያቄም አለ፤ «የት ተመዘገበች?» የሚል። አንዲት የግል ጄት ከየት እንደመጣች ለማወቅ የሚፈልግ ሰው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለየብቻ ማየት አለበት። ለሦስቱም ሦስት ምስክሮች አሉ፤ ቅርጿ የት እንደተሠራች ይናገራል፣ ቀለሟ የማን መባል እንደምትፈልግ ይናገራል፣ ገላዋ ላይ የተጻፉት ፊደላት ደግሞ በየትኛው አገር ሕግ እንደምትተዳደር ይናገራሉ። ዛሬ እነዚህን ሦስት ምስክሮች አንድ በአንድ እንጠራቸዋለን። ብዙውን ጊዜ የምንሰጠው ግን ለቀለሙ ነው፤ ብዙ የሚያወራውም፣ አልፎ አልፎ የሚዋሸውም እሱ ነውና።

(አጭር ሙዚቃ)

ነጠላ የለበሰች ሴት ከሩቅ ስትመጣ መጀመሪያ ዐይናችን ውስጥ የሚገባው ነጩ ነው። የምንለያት ግን በጥለቱ ነው። የግል ጄትም እንዲሁ ናት። አብዛኞቹ ነጭ ይለብሳሉ፤ ከአፍንጫቸው ተነሥቶ በመስኮቶቹ ሥር ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ እስከ ጅራታቸው የሚሄድ ባለ ቀለም መስመር ደግሞ አላቸው። የአቪዬሽን ሰዎች ይህን መስመር ቺትላይን ይሉታል። እኛ ዛሬ ጥለት ብንለው ማንም አይቀየመንም።

ለመሆኑ ነጩ ለምን በዛ? አንደኛው ምክንያት ፀሐይ ነው። ነጭ ቀለም የፀሐይን ሙቀት ይመልሳል፤ ጥቁር ይውጠዋል። ዛሬ ብዙ የአውሮፕላን ክፍሎች ከብረት ሳይሆን ከካርቦን ክርና ከሙጫ ስለሚሠሩ፣ ከመጠን ያለፈ ሙቀት አይስማማቸውም። ሁለተኛው ምክንያት ገበያ ነው። ጄት እንደ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል፤ ነጭ የሆነውን የሚገዛው ሰው ጥለቱን ብቻ ለውጦ የራሱ ያደርገዋል። ሦስተኛው ምክንያት ቁጥጥር ነው፤ በነጭ ላይ የዘይት ፍሳሽም ስንጥቅም ቶሎ ይታያል።

የሙቀቱን ነገር በአንድ ታሪክ ላስረዳችሁ። በ1996 እ.ኤ.አ. ፔፕሲ አዲሱን ሰማያዊ ጣሳውን ለማስተዋወቅ የኤር ፍራንስን አንድ ኮንኮርድ ሰማያዊ አስቀባ። ኮንኮርድ ከድምፅ በእጥፍ የሚፈጥን፣ በአየር ሰበቃ ብቻ ቆዳው የሚግል አውሮፕላን ነበር። ገላው ሰማያዊ ሲሆን ክንፎቹ ነጭ እንደሆኑ ቀሩ፤ ነዳጁ ያለው እዚያ ነውና እንዳይሞቅ ተፈራ። እንዲያም ሆኖ፣ በሙሉ ፍጥነቱ ከ20 ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ ተገደበ። አያችሁ፣ ቀለም ጌጥ ብቻ አይደለም። የግል ጄት እንደ ኮንኮርድ ባይግልም፣ ነጭ የሚለብሰው ዝም ብሎ አይደለም።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ምስክር፣ ቅርጹን እንጥራ። ቀለም ይላጣል፣ ፊደል ይለወጣል፤ አጥንት ግን አይለወጥም።

መስኮቶቿን እዩ። ትልልቅና እንደ እንቁላል ሞላላ ከሆኑ፣ ያለ ብዙ ጥርጣሬ ጋልፍስትሪም በሏት። ጋልፍስትሪም በጆርጂያ ግዛት፣ ሳቫና በተባለች ከተማ የሚሠራ የአሜሪካ ጄት ነው። ከእነዚህ ሞላላ መስኮቶች በአንድ ጎን 6 ብትቆጥሩ ጋልፍስትሪም 4፣ 7 ከሆኑ ጂ550፣ 8 ከሆኑ ጂ650 ሊሆን ይችላል። ወጣቱ ወዳጃችን በሰገነቱ ላይ «ጋልፍስትሪም ናት» ያለው መስኮት ቆጥሮ ከሆነ፣ ጎበዝ ተማሪ ነው።

ከኋላዋ ሦስት ሞተር ካላትስ? ዛሬ የምታዩት ባለ ሦስት ሞተር የግል ጄት የፈረንሳዩ ዳሶ የሚሠራው ፋልከን ነው ብላችሁ ብትወራረዱ አትከስሩም፤ 50፣ 900፣ 7ኤክስ እና 8ኤክስ ሁሉም ባለ ሦስት ሞተር ናቸው። ሞተሮቹ ከክንፉ በላይ በምሰሶ ላይ የተቀመጡ ትንሽ ጄት ካያችሁ ደግሞ ሆንዳጄት ናት፤ ስሟ ጃፓናዊ ነው፣ የምትገጣጠመው ግን በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስሟ የጃፓን፣ የተሠራችበት አሜሪካ። «የት ተሠራች?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ቀላል እንዳልሆነ ታያላችሁ። ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ጋልፍስትሪም ጂ280 የሚባለው መካከለኛ ጄት የአሜሪካ ስም ይዞ ይሸጣል፤ የሚሠራው ግን በእስራኤል ነው፣ በቤን ጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለው የእስራኤል ኤሮስፔስ ፋብሪካ። ሎድና ራምሌ የምትኖሩ አድማጮቻችን፣ በላያችሁ እየተሞከረ ሲያልፍ አይታችሁት ይሆናል። ከዚያ ውስጡ ሊደራጅና ቀለም ሊቀባ ወደ ዳላስ፣ ቴክሳስ ይበርራል። የዳሶ ፋልከንም እንዲሁ፤ በፈረንሳይ ቦርዶ አጠገብ፣ ሜሪኛክ ላይ ይገጣጠምና ብዙው ወንበሩንና ቀለሙን የሚያገኘው አርካንሳ ግዛት፣ ሊትል ሮክ ሄዶ ነው።

ያን ጉዞ የሚጓዘው ጄት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? አረንጓዴ ነው፤ ልብስ ያልለበሰ፣ የፀረ ዝገት ቀለም ብቻ የተቀባ። በኢንዱስትሪው ቋንቋም «ግሪን» ይባላል። የብረቱ ክፍል ቢጫ የተቀላቀለበት አረንጓዴ፣ ከካርቦን የተሠራው ክፍል ደግሞ ሌላ መልክ ስለሚኖረው፣ ድሪቶ የለበሰ ይመስላል። ጄት ስለ ትውልድ ቦታዋ እውነቱን በግልጽ የምትናገረው በዚያች አጭር ጊዜ ነው። ነጩን ነጠላ ከለበሰች በኋላ የባለቤቷን ቃል ትናገራለች።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሁለተኛው ምስክር መጣን፤ ወደ ቀለሙ።

ቀለም ቤቱን ለአፍታ እንጎብኝ። ጄቷ በሰፊ ሃንጋር ውስጥ ቆማለች። አሮጌው ቀለም ተነሥቷል፣ ገላዋ ታጥቧል፣ የመሠረት ቀለም ተረጭቷል፣ ነጩ ተደርቧል። አሁን ተራው የጥለቱ ነው። ቀቢው ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ማስኪንግ ቴፕ ይለጥፋል። መኪና የሚቀባ ባለሙያ ያየ ሰው ሥራውን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ የመስመሩ ርዝመት ነው። በገላዋ ጉብታ ላይ ቀጥ ብሎ የተሳለ መስመር ከጎን ሲያዩት ይጣመማል፤ ስለዚህ ቀቢው ደጋግሞ ወደኋላ እየራቀ ያየዋል፣ ተመልሶ ቴፑን ያነሣል፣ እንደገና ይለጥፋል። ከዚያ ይረጫል። ቀጭን ወርቃማ መስመር ከሰማያዊ ጎን እንዲሄድ ከተፈለገ፣ ሰማያዊው እስኪደርቅ ተጠብቆ ሥራው ሁሉ እንደገና ይጀመራል።

የክንፉ ግንባር ግን አይቀባም፤ ብዙውን ጊዜ የሚያብለጨልጭ ራቁት ብረት ነው። አየሩ፣ ዝናቡና በረዶው ቀለሙን ቶሎ ያነሡታል፤ በረዶ ማሟሟቻ ሙቀትም የሚያልፈው በዚያ ነው። ጄቷን የሚያዞሩት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ደግሞ ከተቀቡ በኋላ ሚዛናቸው እንደገና ይለካል። የቀለም ክብደት እንኳን ሚዛን ሊያዛባ ስለሚችል ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ወጪና ድካም ያወጣ ሰው በጥለቱ አንድ ነገር ማለት ይፈልጋል። ሦስት ዓይነት ተናጋሪ አለ እንበል፤ የሚጮህ፣ የሚናገርና ዝም የሚል።

የሚጮኸው መንግሥት ነው። መንግሥት ማንነቱን ሊደብቅ አይፈልግም፤ ጄቱ የክብር ልብሱ ነው። የጀርመን መንግሥት አውሮፕላኖች ነጭ ላይ የአገራቸውን ሙሉ ስም ይጽፋሉ፣ በጥቁር፣ ቀይና ወርቃማ መስመር ያጅቡታል። የሩስያ መንግሥት ጄቶች በነጭ፣ ሰማያዊና ቀይ ጥለት ላይ የአገሩን ስም በራሳቸው ፊደል ያሰፍራሉ። የፈረንሳዩ «ሬፑብሊክ ፍራንሴዝ» ይላል።

ከሁሉም የታወቀው ግን የአሜሪካው ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንት ኬኔዲ አውሮፕላን የሚሆን ቦይንግ 707 ሲመጣ፣ ቀለሙን የነደፈው ሬይመንድ ሎዊ ነበር፤ ፈረንሳይ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ፣ ባቡርም የሸቀጥ ማሸጊያም የነደፈ ሰው። ነጭ፣ ፈዛዛ ሰማያዊና ጠቆር ያለ ሰማያዊ አዋሐደ። ለአገሩ ስም የመረጠው የፊደል ቅርጽ ደግሞ የአሜሪካ የነጻነት መግለጫ በመጀመሪያ የታተመበትን ፊደል የሚያስታውስ ነው። አውሮፕላኑ ዛሬ በዴይተን፣ ኦሃዮ፣ በአየር ኃይሉ ሙዚየም ቆሟል። ለኛ ትምህርት የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው፤ ያ ቀለም በትልቁ አውሮፕላን ብቻ አልቀረም። ሚኒስትሮችንና ጄኔራሎችን የሚያመላልሱት ትናንሽ ጋልፍስትሪሞችም የዚያን ጥለት ዘመድ ይለብሳሉ። ሞላላ መስኮት፣ ነጭና ሰማያዊ፣ ጅራቱ ላይ ባንዲራ፤ ይህን በቦሌ ሜዳ ካያችሁ፣ የመጣው ባለሥልጣን እንጂ ነጋዴ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ሳይጮህ የሚናገረው፣ ጄት አከራይ ኩባንያ ነው። ቪስታጄት በ2004 እ.ኤ.አ. በስዊሱ ቶማስ ፍሎር የተመሠረተ ድርጅት ነው። ጄቶቹ ነጭ አይደሉም፤ ብርማ ናቸው፣ በላያቸው ላይ አንድ ቀይ ጥለት ይሄዳል። የትም አገር ሜዳ ላይ ብታዩት፣ ሳይጠጋጉ ይታወቃል። ደንበኛው ዛሬ ዱባይ ነገ ለንደን አንድ ዓይነት ጄት እንዲጠብቀው ነው ሐሳቡ፤ ልክ የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም። ግን እስኪ «ከየት ነው?» በሉና ጠይቁት። መሥራቹ የስዊስ፣ ብዙዎቹ ጄቶች የካናዳው ቦምባርዲየር ሥራ፣ የብዙዎቹ ምዝገባ ደግሞ በማልታ። ቀለሙ አገር አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ የድርጅቱን ስም ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዝም የሚለው ነው፤ ብዙኃኑም እሱ ነው። ነጭ፣ ሁለት ቀጫጭን መስመር፣ ስም የለ፣ አርማ የለ። ዝምታው ፍርሃትም አለበት፣ ብልሃትም አለበት። ኅዳር 2008 እ.ኤ.አ. የሦስቱ ታላላቅ የአሜሪካ መኪና ፋብሪካዎች አለቆች፣ ኩባንያዎቻችን ሊወድቁ ነውና መንግሥት ገንዘብ ይስጠን ብለው ዋሽንግተን የሄዱት እያንዳንዳቸው በየግል ጄታቸው ነበር። የምክር ቤቱ አባላት በአደባባይ አሳፈሯቸው፤ ነገሩ የጋዜጣው ሁሉ መነጋገሪያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አርማውን ጅራት ላይ የሚስል ኩባንያ ሁለቴ ሳያስብ አይቀርም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት ለጄትም ይሠራል።

ታዲያ ጥለቱ ዝም ያለች ጄት ምንም አትነግረንም ማለት ነው? እንዲያውም ትነግረናለች፤ ግን አገሯን ሳይሆን ዘመኗን ነው። በመስኮቶቹ ሥር ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሁለት ሦስት ወፋፍራም መስመሮች የድሮ ልብስ ናቸው። እንደ ጎርፍ እየታጠፈ ወደ ጅራት የሚወጣው ጥለት ከዚያ በኋላ መጣ። አሁን ደግሞ ሆዷን ጠቆር አድርጎ ከላይ ነጭ መተው ፋሽን ሆኗል። ሌላም ምልክት አለ፤ አሮጌው ቀለም ሳይነሣ ከላይ ከተቀባበት፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል የድሮው ጥለት ጠርዝ እንደ ጠባሳ ብቅ ይላል። የቀድሞው ባለቤት ከአዲሱ ልብስ ሥር ይታያችኋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ሦስተኛውን ምስክር እንጥራ። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ምስክር በደንብ እናውቀዋለን፤ ታርጋ ነው። ለዓመታት ሰማያዊ ኮድ 2ን ከአረንጓዴ ኮድ 3 ስንለይ ኖረናል። አውሮፕላንም ታርጋ አለው፤ የእሱን ግን ቀለም አይለየውም፣ ፊደል ነው የሚለየው።

በታኅሣሥ 1944 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት፣ ኢትዮጵያም የተገኘችበት ጉባኤ ውጤት ነው። አንቀጽ 17 አውሮፕላን የተመዘገበበት አገር ዜግነት አለው ይላል። አንቀጽ 18 በአንድ ጊዜ በሁለት አገር ሊመዘገብ አይችልም ይላል። ጥምር ዜግነት የለም ማለት ነው። አንቀጽ 20 ደግሞ ወደ ውጭ አገር የሚበርር አውሮፕላን ሁሉ የዜግነትና የምዝገባ ምልክቱን ይያዝ ይላል። ዝርዝሩ በስምምነቱ 7ኛ ተቀጽላ ተቀምጧል፤ ገላው ወይም ጅራቱ ላይ ያለው ፊደል ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ክንፉ ሥር ያለው ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው፤ የላቲን ትልቁ ፊደል ይሁን፤ ጌጥ አይኑረው፤ ሁልጊዜ ንጹሕና የሚታይ ይሁን። ቀቢው በጥለቱ የፈለገውን ሊጫወት ይችላል፣ በነዚህ ፊደላት ግን አይጫወትም።

የአገር መለያዎቹ ከየት መጡ? እዚህ ላይ እኛ የሬዲዮ ሰዎች ደረታችንን እንነፋለን፤ የተወሰዱት ለአገሮች ከተመደቡት የሬዲዮ መጥሪያ ፊደላት ነው። የኢትዮጵያ «ኢ ቲ» ነው፤ አብራሪዎች በሬዲዮ «ኤኮ ታንጎ» ይሉታል። የአሜሪካ «ኤን» ብቻ ነው። እንግሊዝ «ጂ»፣ ፈረንሳይ «ኤፍ»፣ ጀርመን «ዲ»፣ ስዊዘርላንድ «ኤች ቢ»። ወደ ባሕረ ሰላጤው ስንሻገር፣ ሳዑዲ ዓረቢያ «ኤች ዜድ»፣ ኤምሬትስ «ኤ 6»፣ ኳታር «ኤ 7»፣ ኩዌት «9 ኬ»። እስራኤል «4 ኤክስ»። ጎረቤቶቻችን፤ ኬንያ «5 ዋይ»፣ ሱዳን «ኤስ ቲ»፣ ጅቡቲ «ጄ 2»፣ ኤርትራ «ኢ 3»።

ወደ ጋሼ ልመለስ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አይተው «የኛ ናት» ማለታቸው የልብ ነው፤ ቀለሙ ግን የኛ ብቻ አይደለም። ብዙ የአፍሪካ አገሮች ነጻ ሲወጡ እነዚህን ሦስት ቀለሞች ለባንዲራቸው መረጡ። የጉባኤ ሰሞን ቦሌ ላይ የጋና፣ የማሊ፣ የሴኔጋል፣ የጊኒ፣ የካሜሩን ወይም የቤኒን ጄት ጥለት ከሩቅ ብታዩት፣ የኛ ብላችሁ ልትምሉ ትችላላችሁ። የሚያስታርቃችሁ ታርጋው ነው። «9 ጂ» ከሆነ ጋና፣ «ቲ ዜድ» ከሆነ ማሊ፣ «6 ቪ» ከሆነ ሴኔጋል፣ «3 ኤክስ» ከሆነ ጊኒ፣ «ቲ ጄ» ከሆነ ካሜሩን፣ «ቲ ዋይ» ከሆነ ቤኒን ነው።

የአሜሪካ ታርጋ ደግሞ የራሱ ጨዋታ አለው። ከ«ኤን» ቀጥሎ ቁጥር ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ሊገባ ይችላል። «አይ» እና «ኦ» የተባሉት ፊደላት ግን ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይፈቀዱም። ኔትጄትስ የሚባለው ድርጅት የአሜሪካ ጄቶቹን ታርጋ «ኪው ኤስ» በሚል ይቋጫል፤ «የሩብ ድርሻ» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ምሕፃር ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ጄትን እንደ ቅርጫ ሥጋ ከፋፍሎ መሸጥ ሲጀምር፣ አንድ ደንበኛ ሩቡን ይገዛ ነበርና። አውሮፓ ያሉት ጄቶቹ ግን «ሲ ኤስ» ይላሉ፤ ፖርቱጋል ተመዝግበዋል። ጥለቱ የደበቀውን የታርጋው ጭራ ይናገራል።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ታርጋውን ያነበበ ሁሉን አወቀ ማለት ነው? ተጠንቀቁ። ታርጋ የሕግ ምስክር ነው፤ የባለቤት ምስክር አይደለም። «ቲ 7» የሚል ጄት ብታዩ ሳን ማሪኖ ነው። ሳን ማሪኖ በጣሊያን የተከበበች ትንሽ ሪፐብሊክ ናት፤ ያላት የሣር ማኮብኮቢያ ያለው ሜዳ እንጂ ጄት የሚያሳርፍ አውሮፕላን ማረፊያ አይደለም። ጄቶቹ «ዜጋዋ» ናቸው፤ አገራቸውን ግን ረግጠው አያውቁም። «ቪ ፒ» ካለ በኋላ «ቢ» ከመጣ ቤርሙዳ፣ «ሲ» ከመጣ ኬይማን ደሴቶች ናቸው፤ «ፒ 4» አሩባ ነው። ሰዎች እዚያ የሚያስመዘግቡት ለግብር፣ ለአሠራር ቅልጥፍና፣ አንዳንዴም ለምሥጢር ነው።

የአሜሪካም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ሕግ «ኤን» ታርጋ የሚሰጠው በመሠረቱ ለአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ነው። የውጭ ሰው ግን ባንክን ባለአደራ አድርጎ ጄቱን በባንኩ ስም ሊያስመዘግብ ይችላል። በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ይህ አሠራር ዓለምን ግራ አጋባ። ጅራቷ ላይ ትንሽ የአሜሪካ ባንዲራ ያለባት፣ «ኤን» ታርጋ ያላት ቦምባርዲየር ጄት ቴህራን፣ መህራባድ አውሮፕላን ማረፊያ ቆማ ታየች። ኢራን በአሜሪካ ማዕቀብ ሥር ነበረች። ማን ሄደ? ለምን ሄደ? ጋዜጦች መዝገቡን ሲያዩ ባለቤቱ በዩታ ግዛት ያለ አንድ ባንክ ሆኖ ተገኘ። ባንኩ ባለአደራ ብቻ ነበር። ነገሩ ሲጣራ ጄቷን የሚጠቀመው የጋና ኩባንያ ነበር፤ ቴህራን የወሰደችውም የጋና ልዑካንን ነው። ቅርጿ ካናዳዊ፣ ባንዲራዋ አሜሪካዊ፣ ተሳፋሪዎቿ ጋናውያን! ከታርጋዋ ቁጥር በኋላ የነበሩት ሁለት ፊደላት ግን የጋናው ኩባንያ ስም መነሻ ፊደላት ነበሩ። መልሱ ጅራቷ አጠገብ ተጽፎ ነበር፤ ባንዲራው ግን ቀድሞ ጮኸ።

አሁን እናንተ ተራችሁን ሥሩ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በተለይ ቨርጂኒያ የምትኖሩ አድማጮች፣ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ወዳለው የስሚዝሶኒያን ኡድቫር ሄዚ ማዕከል ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ወይን ጠጅ፣ ብርቱካንማና ነጭ የተቀባች ትንሽ ጄት ታገኛላችሁ፤ ጎኗ ላይ «ፌዴራል ኤክስፕረስ» ይላል። ሦስቱን ምስክሮች ጥሯቸው። ቅርጿ፤ ዳሶ ፋልከን 20፣ የፈረንሳይ ሥራ። ታርጋዋ፤ «ኤን» ብሎ ይጀምራል፣ አሜሪካዊት ናት፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላትም «ኤፍ ኢ» ናቸው፣ የድርጅቱ ስም መነሻ። ቀለሟ፤ ሚያዝያ 17 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. ሌሊት በ14 እንዲህ ባሉ ጄቶች ሥራ የጀመረው የዛሬው ፌዴክስ። ለባለጸጋ ተሳፋሪ የተሠራች ጄት፣ ጎኗ ተቀድዶ ትልቅ የጭነት በር ተበጅቶላት ፖስታ አመላላሽ ሆነች። እትዬ «የተሳፈረው ባለጸጋ ነው» ያሉት ለሷ አይሠራም፤ የተሳፈረው ካርቶን ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ልምምዱን ከየሰገነታችሁ ጀምሩ። አንድ አደራ ግን አለኝ፤ በዐይናችሁ እንጂ በካሜራ አትጀምሩ። አውሮፕላን ማረፊያ ጥብቅ ቦታ ነው፤ ለፎቶ ፈቃድ ጠይቁ።

ለማጠቃለል ያህል፤ ቅርጹ የት እንደተሠራች፣ ጥለቱ ባለቤቷ ምን መባል እንደፈለገ፣ ፊደሉ የትኛው አገር ሕግ እንደሚዳኛት ይነግሯችኋል። ሦስቱ ሲስማሙ ደስ ይበላችሁ። ሲጣሉ ይበልጥ ደስ ይበላችሁ፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው። አራተኛ ምስክርም አለ፤ እኔና እናንተ ግን ከሰገነት አናየውም። በእያንዳንዱ አውሮፕላን ዋና መግቢያ አጠገብ፣ እሳት የማይበላው ብረት ላይ ይኸው የምዝገባ ምልክት ተቀርጾ እንዲለጠፍ ሕጉ ያዛል። ቀለሙ ሁሉ ቢቃጠል እንኳን፣ ያ ሰሌዳ ይናገራል።

የቡናውን ጨዋታ መጨረሻ ልንገራችሁና ልሰናበት። ሦስተኛው ሲቀዳ ሌላ ነጭ ጄት መጣች፤ ጅራቷ ላይ የማላውቀው ሰማያዊ ጥለት አለ። ወጣቱ መስኮት መቁጠር ጀመረ። ጋሼም ዝም አሉ፤ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና፣ «ቆዩ እንጂ» አሉ፤ «ፊደሉን ላንብብ መጀመሪያ።»



(የመዝጊያ ሙዚቃ)